ወደ ሳንታ ፌ ለመዛወር ላሰባችሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ጓዜን ጠቅልዬ ኒው ሜክሲኮ ከገባሁ ወዲህ ሰዎች እየደወሉ የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫለሁ።

ሳንታ ፌ በረሃ ናት ወይስ ተራራ?

ሁለቱንም ናት። የኒው ሜክሲኮ ዋና ከተማ ስትሆን 2,190 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በአሜሪካ ካሉ የስቴት ዋና ከተሞች ሁሉ ከፍተኛዋ እሷ ናት። አዲስ አበባን የምታንሰው በ150 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በምሥራቅ በኩል የሳንግሬ ዴ ክሪስቶ ተራሮች ተደርድረዋል። ትርጉሙ «የክርስቶስ ደም» ነው። ማታ ፀሐይ ስትገባ ስታዩዋቸው ስሙ ያምርባቸዋል።

ዝናቡ ግን ትንሽ ነው። በዓመት 350 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢወርድ ነው። አዲስ አበባ የዚህን ሦስት እጥፍ ታገኛለች። የአሸዋ ክምር የምታስቡ ከሆነ ግን እርሱት። ዙሪያው ጥድ ነው፤ በጥዱ መሀል ደግሞ ፍሬው የሚበላ ፒንዮን የሚባል አጭር ዛፍ አለ። የከተማዋ ሕዝብ 88 ሺህ ገደማ ነው፤ ትንሽ ከተማ ናት።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ከፍታው ምን ያደርገኛል?

አሁን የምትኖሩት ዝቅተኛ ቦታ ከሆነ ያማችኋል። ሰውነት ከፍታን የሚለምደውን ያህል ይረሳል። ዲሲ ወይም ሂዩስተን ጥቂት ሳምንት የከረመ ሰው የልጅነቱን አየር ይዞ አይቆይም። ሳንታ ፌ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ከምታገኙት በሩብ ያህል ያንሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ደረጃ ስትወጡ ቁና ቁና መተንፈስ፣ እንቅልፍ መቆራረጥ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወግ ነው።

በስሜን ተራራ 3,500 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ የተጠና ነገር አለ። የደማቸው ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠኑ ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም፤ ከትውልድ ትውልድ ለምደውታል። እሱን ሰምተው የሚመጡ አሉ። ግን የተጠኑት እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሃያ ዓመት ሜሪላንድ የኖረን ሰው ከራስ ምታት አያድነውም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ዕቃ አታንሱ፣ ተራራ አትውጡ፣ መጠጥ ተዉ፣ ውሃ ጠጡ። ቁጭ ብላችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ከተንገዳገዳችሁ ወይም ነገር ከተምታታባችሁ ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም ያለበት ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ታዲያ ከባዱ ነገር ምንድን ነው?

ድርቀቱ። ይህን አስምሩበት። ከፍታው በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለመዳል። ድርቀቱ ግን አብሯችሁ ነው የሚኖረው። እዚህ ያለ ኑሮ በሙሉ፣ ከቆዳችሁ ጀምሮ እስከ ቤት ዋጋው ድረስ፣ ዞሮ ዞሮ ውሃ ላይ ነው የሚያርፈው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ትራሴ ላይ ደም አየሁ። ነስር ነበር። ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል። ከአገር ቤት ያመጣሁት፣ ካንድ ግንድ የተጠረበ በርጩማ አለኝ። ዲሲ አሥር ዓመት ምንም ሳይሆን ኖሯል። እዚህ በሦስተኛው ወር ሌሊት ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ከዚያ በኋላ ክራሬን ከሂተሩ አርቄ አስቀመጥኩት።

መኝታ ቤት ሂውሚዲፋየር (አየር የሚያረጥብ ማሽን) አስገቡ። ማታ ማታ አፍንጫችሁ ውስጥ ትንሽ ቫዝሊን ቀቡ። ገላችሁን ታጥባችሁ ሳይደርቅ ቅባት ተቀቡ። ለፀጉር ዘይት ወይም ቅቤ እዚህ ጌጥ አይደለም፤ ያስፈልጋል። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ ላባችሁ ቶሎ ስለሚተን ያላባችሁ አይመስላችሁም። ልጆች ኤግዚማ (ቆዳ የሚያደርቅና የሚያሳክክ ሕመም) ካለባቸው የመጀመሪያው ወር ይከብዳቸዋል፤ ቅባቱን አስቀድማችሁ ያዙ።

ድርቀቱ መልካም ጎንም አለው። የተሰጣ ልብስ አንድ ሰዓት አይሞላውም። በጋ ላይ 30 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ጥላ ስር ገብታችሁ ትቀዘቅዛላችሁ። ብዙ ቤት ኤሲ የለውም። ውሃ በሚያርሰው ማጣሪያ ላይ አየር የሚያሳልፍ፣ «ስዋምፕ ኩለር» የሚሉት ማሽን ይበቃል። መብራትም ብዙ አይበላም።

ብርዱና ፀሐዩስ?

ጃንዋሪ ሌሊት ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ቀን ግን 6 ወይም 7 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በረዶ ይጥላል። ፀሐይ የሚያገኘው የመንገድ ወገን በማግስቱ ይደርቃል፤ በስተ ሰሜን ያለው የግንብ ጥላ ግን ሳምንታት በረዶ አዝሎ ይቆያል። የምትከራዩት ቤት በርና የመኪና መግቢያ ወደ ሰሜን የዞረ መሆኑን ከመፈረማችሁ በፊት እዩ።

የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ትልቅ ነው። ሐምሌ ላይ እንኳ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ፀሐዩ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ኮፍያና መነጽር ያዙ። ቆዳዬ ጥቁር ነው ብላችሁ የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን አትተዉ።

ዝናብ መቼ ነው?

ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ። ከአገር ቤት ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ዳመናው ተራራው ላይ ይቆለላል፣ ይጮኻል፣ ያወርደዋል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያባራል። የረጠበ አፈርና የጥድ ሽታ ይነሳል።

ግን ተጠንቀቁ። እዚህ «አሮዮ» የሚሉት ደረቅ ፈፋ አለ። አሥር ወር አሸዋ ብቻ ነው፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ተራራ ላይ ሲዘንብ፣ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ፣ ደራሽ ጎርፍ ሊመጣበት ይችላል። መኪና አታቁሙበት። ውሃ ሲያልፍበት ካያችሁ ለመሻገር አትሞክሩ። መብረቅም ስላለ ተራራ የምትወጡ ከቀትር በፊት ውረዱ።

የት ልከራይ? ወዲያው ቤት ብገዛስ?

ቤት ውድ ነው። እዚህ ያለ ደመወዝና የቤት ዋጋ አይተዋወቁም። ምሥራቁና የድሮው መሀል ከተማ የሀብታም ነው። ብዙ ሠራተኛ ቤተሰብ የሚኖረው ደቡብ ምዕራብ፣ ኤርፖርት ሮድ አካባቢ ነው። ኤስፓኞላ ወይም አልበከርኪ እየኖሩ ሳንታ ፌ የሚሠሩም ብዙ ናቸው።

መግዛቱን አንድ ዓመት አቆዩት። ይህን የምለው ከልቤ ነው። በኦክቶበር ወርቃማ ቅጠል አይቶ የገዛ ሰው፣ ማርችና ኤፕሪል አቧራ የሚያስነሳው ነፋስ ሲመጣ «ይህ ነገር አልተነገረኝም» ይላል። የጥድ አበባ ዱቄትም ያን ጊዜ ነው፤ አለርጂ ያለበት ሰው ዐይኑ ይቀላል። አራቱንም ወቅት ተከራይታችሁ እዩ። ከዚያ ወስኑ።

ሥራ አለ?

አለ፤ ዓይነቱ ግን ውስን ነው። የስቴቱ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታል፣ ሆቴልና ምግብ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ዋናዎቹ ናቸው። ላቦራቶሪው ሳይንቲስት ብቻ አይደለም የሚቀጥረው። ከተማዋ የራሷ ዝቅተኛ ደመወዝ አላት። ስቴቱ ከወሰነው 12 ዶላር ይበልጣል፤ በየጊዜውም ይስተካከላል።

በራሳችሁ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኒው ሜክሲኮ እንደ ሌላው ስቴት «ሴልስ ታክስ» የለውም፤ «ግሮስ ሪሲትስ ታክስ» ነው ያለው። የሚከፈለው በዕቃ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎትም ነው። ጽዳት፣ ፀጉር ሥራ፣ ጥገና ሁሉ ይገባበታል። ከደንበኛ ባትቀበሉትም ዕዳው የእናንተ ነው። የምግብ ሸቀጥ ግን ነፃ ነው።

ያለ መኪና ይኖራል?

ይከብዳል። ሳንታ ፌ ትሬይልስ የሚባል የከተማ አውቶቡስ አለ፤ ግን ቶሎ ቶሎ አይመጣም። ከአልበከርኪ ሬይል ረነር የሚባለው ባቡር ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ እዚህ ይደርሳል፤ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ትልቁ አየር ማረፊያም አልበከርኪ ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ።

የጭቃ ቤት ምን ያህል አስተማማኝ ነው?

እኛ ይህን መጠየቅ አልነበረብንም። አዶቤ ማለት ጭቃና ጭድ ተቦክቶ፣ በፀሐይ ደርቆ የተሠራ ጡብ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። ወፍራሙ ግድግዳ ቀን ሙቀቱን ይዞ ማታ ይሰጣችኋል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ወራጁ ሙሉ ግንድ ሆኖ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይታያል። ከ1957 ጀምሮ በታሪካዊው ሰፈር ይህን መልክ የሚያስጠብቅ የከተማ ደንብ አለ፤ መስኮት ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። ጭቃ የሚመስለው ሁሉ ግን ጭቃ አይደለም። አዳዲሶቹ ቤቶች አብዛኞቹ እንጨት ሆነው ላያቸው ተለስኖ ነው። አንኳኩታችሁ ስሙ፤ ድው የሚል ባዶ ድምፅ ካለው አዶቤ አይደለም።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው አሸንዳ ከተደፈነ ውሃው ይጠራቀምና ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። የመጀመሪያው ቤታችን አከራይ አሸንዳውን አልጠረገም ነበር። ኦገስት ላይ በአንድ ዝናብ የሳሎኑ ግድግዳ እንደ ካርታ ረጠበ፤ በማግስቱ ልስኑ በእጄ ላይ ዱቄት ሆነ። አሁን ጁን ሲያልቅ መሰላል አውጥቼ አሸንዳውን ራሴ እጠርጋለሁ። ቤት ስታዩ ከግድግዳው ስር፣ ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እዩ። ቀለሙ ከተነሳ ወይም ነጭ ጨው ከወጣ እርጥበት አለ ማለት ነው።

ጓሮዬ ጎመንና ቃሪያ መትከል እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የከተማዋ ውሃ የሚመጣው ከተራራው ግድቦች፣ ከጉድጓዶችና ከ2011 ጀምሮ ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ ተስቦ ነው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ጋሎን ዋጋም ይጨምራል። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ውሃ ማጠጣት ክልክል ነው። በሣር ፋንታ ጠጠር የምታዩት ለዚህ ነው። የጣሪያችሁን ውሃ በበርሜል አጠራቅሙ። ሐበሻ ጎመን በጠብታ መስኖ ጥላ ጣል አድርጋችሁ ብትተክሉት ይወጣል። በረዶው ግን እስከ ሜይ አጋማሽ ሊመለስ ስለሚችል ችግኝ ለማውጣት አትቸኩሉ።

እንጀራስ? በርበሬስ?

እንጀራው ነው መጀመሪያ ያስለቀሰኝ። ጋግሬ ሰፌድ ላይ አውጥቼ ቡና ላፈላ ሄድኩ። ስመለስ ዳሩ ወደ ላይ ታጥፎ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። አሁን ሊጡን ትንሽ ቀጠን አደርገዋለሁ፣ አክንባሎውን ቶሎ እከድናለሁ፣ እንዳወጣሁት በጨርቅ ሸፍኜ ሲበርድ ፌስታል ውስጥ እከተዋለሁ። ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽምብራና ባቄላ በተለመደው ሰዓት አይበስልም። ፕሬዠር ኩከር ግዙ። ጤፍ አይዳሆ ይመረታል፣ በፖስታ ይመጣል። ለቀሩት ቅመሞች ዴንቨር የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

በርበሬ በተመለከተ አገራችሁ ገባችሁ በሉ። በመጸው በየገበያው ደጃፍ ቃሪያ በሚሽከረከር የሽቦ በርሜል ውስጥ እሳት እየተለቀቀበት ይጠበሳል። ሽታው ከሩቅ ያስነጥሳል። ቀዩ ደግሞ በክር ተሰክቶ በየበሩ ይንጠለጠላል። ምግብ ቤት ስትገቡ «ቀይ ወይስ አረንጓዴ?» ይሏችኋል። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ «ገና» ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛው፣ «ክሪስማስ»።

ሐበሻ አለ? ቤተ ክርስቲያንስ?

ጥቂት ነን። በጣት የምንቆጠር ባንሆንም ድንገት መንገድ ላይ የምንገናኝ አይደለንም። ሰፊው ማኅበረሰብ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ሱቆቹና ምግብ ቤቶቹ ያሉት ዴንቨርና ኦሮራ ነው። መንገዱ 630 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስድስት ሰዓት በመኪና ነው። እኛ ለፋሲካና ለመስቀል እንሄዳለን፤ በሌላው እሑድ ቅዳሴ በስልክ እንከታተላለን። በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ ዕድርና ማኅበር የሕይወታችሁ ምሰሶ ከሆኑ ይህን በደንብ አስቡበት። ከዚህ ከተማ ተመልሰው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። ያስመለሳቸው ብርዱ ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው።

ለልጆች ትምህርት እንዴት ነው?

እዚህ ላይ ኒው ሜክሲኮ ይመሰገናል። ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ስቴቱ የሕፃናት መዋያ ወጪን ገቢ ሳይለይ ይሸፍናል። በ2022 በወጣው ሕግ ደግሞ የስቴቱ ነዋሪ የሆነ ተማሪ በመንግሥት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ያለ ክፍያ መማር ይችላል። አዋቂም ይገባበታል። ነዋሪ ለመባል በአብዛኛው አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። የኪራይ ውላችሁንና የመንጃ ፈቃዳችሁን ቀን በጥንቃቄ ያዙ፤ ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ሰደድ እሳት ያሰጋል?

ያሰጋል። በ2022 ከሳንታ ፌ በስተ ምሥራቅ የተነሳው የሄርሚትስ ፒክ እሳት 138 ሺህ ሄክታር ያህል በልቷል። በስቴቱ ታሪክ ትልቁ ነው። የተነሳውም የአሜሪካ የደን አገልግሎት ለትልቅ እሳት የሚዳርገውን ደረቅ ነገር ለመቀነስ ሆን ብሎ ካቀጣጠለውና ከእጁ ካመለጠ እሳት ነው። አደገኛው ጊዜ ከማርች እስከ ጁን፣ ነፋሱ ሲበረታ ዝናቡም ሳይመጣ ነው።

ጫካ አጠገብ ቤት የምትገዙ ከሆነ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት የኢንሹራንስ ዋጋ ጠይቁ። አንዳንዱ ቤት ጭራሽ ኢንሹራንስ የሚሰጠው አያገኝም። ፓስፖርት፣ የልደት ወረቀትና መድኃኒት አንድ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ጭሱ ለቀናት ስለሚቆይ አየር ማጣሪያም ያስፈልጋል።

አይጥና ራዶን ይባላል። ምንድን ናቸው?

የሁለቱም አደጋ የማይታይ ስለሆነ ሰው ይንቃቸዋል። እዚህ የሜዳ አይጥ ሃንታቫይረስ የሚባል ሳንባን የሚያጠቃ ተላላፊ በሽታ ሊይዝ ይችላል። በ1993 በዚህ አካባቢ ሰው ሲገድል ነው የታወቀው። ብዙ ሰው አይይዝም፤ ከያዘው ግን ከሦስት አንድ ያህሉን ይገድላል። ጋራዥ ወይም የተዘጋ ክፍል ውስጥ የአይጥ ኩስ ካያችሁ መጥረጊያ አታንሱ። ይህ የእኛ ሰው ልማድ ነው፤ ብናኙ ነው የሚገድለው። በሩን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አናፍሱ። ጓንት አጥልቃችሁ በውሃ የቀጠነ በረኪና ርጩበት። አምስት ደቂቃ ቆይቶ በወረቀት አንሱት።

ራዶን ከመሬት ውስጥ የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። በአሜሪካ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣው እሱ ነው። የሳንታ ፌ አውራጃ መጠኑ ከፍ ይልባቸዋል ከሚባሉት አንዱ ነው። መመርመሪያው ርካሽ ነው። ውጤቱ 4 ፒኮኩሪ በሊትር (የራዶን መለኪያ ነው) ከደረሰ ማስወጫ ቱቦ ይሠራለታል፤ ይህን የቤቱ ሻጭ እንዲሠራ ተደራደሩ።

ከከተማ ወጣ ያለ መሬት በርካሽ አገኘሁ። ልግዛው?

ውሃው ከየት ነው? መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። ጉድጓድ ካለው ፈቃዱን ከስቴቱ መሐንዲስ ቢሮ አረጋግጡ፤ በዓመት ስንት መቅዳት እንደተፈቀደም እዩ። ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ የጽሑፍ ውሉን አንብቡ። ውሃውን ለአርሴኒክና ለዩራኒየም አስመርምሩ፤ በዚህ አካባቢ ጉድጓድ ሁለቱም ይገኛሉ። ውሃ በመኪና የሚያስመጡ ሰፈሮችም አሉ። መሬት ሲረክስ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የአገሬው ሰው መጤ ብሎ ያገለኛል?

እውነቱን ልናገር፤ ቅሬታ አለ። ገንዘብ ይዘው የመጡ ሰዎች የቤት ዋጋውን አንረውት የብዙዎቹ ልጆች እዚህ መኖር አቅቷቸዋል። ቦታው ፑዌብሎ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ነው፤ ስፓኞች ከተማዋን የቆረቆሩት በ1610 ነው። የፑዌብሎ መንደር በዓል ላይ ብትጋበዙ ሂዱ። ጭፈራው ጸሎት ነው። ፎቶ አታንሱ፣ አታጨብጭቡ፣ ሳትጋበዙ ቤት አትግቡ። የጥምቀትን ታቦት ለሚያከብር ሰው ይህ አይከብድም።

የድሮዎቹ የስፓኝ ዘሮች ሲተዋወቁ «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ፤ ልክ እንደኛ። የሰፈራችን ሽማግሌም ጠየቁኝ። የአባቴንና የአያቴን ስም ነገርኳቸው። እሳቸው እስከ አምስት ትውልድ ቆጠሩልኝና በቤታቸው ጀርባ የሚያልፈውን የመስኖ ቦይ አሳዩኝ። «አሴኪያ» ይሉታል። ውሃውን በተራ የሚያካፍል ሰው ተመርጦ ይሾማል፤ የእኛ አገር የውሃ አባት ማለት ነው። በየጸደዩ ቦዩን ሰፈሩ በደቦ ይጠርገዋል። «መሬት የለኝም፤ ድርሻ የለኝም» አልኳቸው። «ቅዳሜ በአንድ ሰዓት፣ አካፋ ይዘህ ና» አሉኝ።